የዳይቪንግ ጌጄ ባዶውን 15 ባር ያሳያል፤ ላሠራው ወይስ ልቀይረው?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ ግን ብዙውን ጊዜ ጅቡቲ ወደብ ያቆየኛል። እዚያው የዳይቪንግ ኮርስ ወስጄ የጀማሪ ሰርተፊኬት አለኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው አገሩ ሲገባ ሬጉሌተሩን (ከሲሊንደር አየር የሚተነፈስበትን ዕቃ) ከነጌጁ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ የቀረውን የአየር ግፊት በባር ከሚያሳየው መለኪያ ጋር፣ ሸጠልኝ። ቤት አምጥቼ ከሻንጣ ሳወጣው፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ጠቋሚው 15 ባር ላይ ቆሟል። መስተዋቱም ከውስጥ በኩል ጉም የያዘ ይመስላል።

የኮምቦልቻ ከፍታ ይሆን እንዲህ ያደረገው? ጎረቤቴ በያጅ ነው፤ «አምጣው፣ በኦክስጅን ሲሊንደሬ እንሞክረው» ብሎኛል። አዲስ ልግዛ ካልኩስ ምን ዓይነት ይሻላል? በባቲ መንገድ ስመላለስ እንዳይጎዳብኝስ እንዴት ልያዘው? የምታውቁ እባካችሁ።

ነባር መካኒክ፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ልጄ። በመጀመሪያ ግን ጎረቤትህን አመስግነህ እንቢ በለው። በከፍተኛ ግፊት ያለ ንጹሕ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግሪስ ካገኘ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። የአንተ ጌጅ ለአየር የተሠራ ነው፤ ውስጡ ምን ቅባት እንዳለ፣ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደቀባው አታውቅም። የበያጅ ጌጅም አምጥተህ ሬጉሌተርህ ላይ አትሰር፤ ውኃ ውስጥ እንዲገባ አልተሠራም።

ከፍታው አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ብትሆንም፣ በጅቡቲና በእኛ አየር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 0.2 ባር ገደማ ነው። እስከ 300 ባር በተከፋፈለ ጌጅ ላይ ይቺ በዓይን አትታይም።

ጌጁ ውስጥ ቡርዶን ቱቦ የሚባል የተጠማዘዘ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ፤ አንዱ ጫፉ ዝግ ነው። አየር ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፤ ልጆች ሲነፉት እንደሚዘረጋው የወረቀት ጥቅል። ያቺን ትንሽ እንቅስቃሴ ጥርሶች ወደ ጠቋሚው ያደርሷታል። ጌጁ ወድቆ ከሆነ፣ ወይም የሲሊንደሩ ቫልቭ በድንገት ተከፍቶበት ከሆነ፣ ቱቦው ወደ ቅርጹ ሳይመለስ ይቀራል። ጨዋማ ውኃ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ጥርሶቹ ዝገው ይይዛሉ። የመስተዋቱ ጉም ወደዚህኛው ያደላል።

ጋራዥ ወስደህ ጠቋሚውን ነቅሎ ዜሮ ላይ የሚተክልልህ አታጣም። ግን ዜሮ ላይ ልክ የሆነ ጌጅ 50 ላይም 200 ላይም ልክ ነው ማለት አይደለም። እኔ የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ላይ ነው ያረጀሁት፤ እዚያ አየር ሲያልቅ ፍሬኑ ይይዝና መኪናው ይቆማል። አንተ ግን ውኃ ሥር ነህ። ቀይረው።

ታጁራ (ጅቡቲ የምኖር የደሴ ልጅ)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። 15 ባር ትንሽ እንዳይመስልህ፣ አስላው። ጠላቂ ሁሉ 50 ባር ሲቀረው ከውኃው ወጥቶ እንዲገኝ ይማራል። ጌጅህ 50 ሲል በእውነት ያለህ 35 ሊሆን ይችላል። በ12 ሊትር ሲሊንደር የጠፋው 15 ባር 180 ሊትር አየር ነው። ከውኃ ውጭ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 20 ሜትር ጥልቀት ላይ በደቂቃ 60 ሊትር ይጨርሳል። ሦስት ደቂቃ ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ ለመውጣት የሚያስፈልግህም እሱ ነው።

ስትገዛ ባለ ጠቋሚ ቀላሉን ያዝ። አካሉ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ነሐስ፣ ፊቱ እስከ 350 ወይም 400 ባር፣ ከ50 በታች ቀይ፣ ኢኤን 250 (የአውሮፓ የዳይቪንግ ዕቃ ደረጃ) የሚል ምልክት ያለበት። መስተዋቱ ጠንካራ ብርጭቆ ቢሆን አይጫጫርም፤ ፕላስቲኩ ምት ይችላል፣ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። በባር የሚቆጥረውን ምረጥ፤ በፒኤስአይ ከሆነ 200 ባር 2,900 ብሎ ይነግርሃል፣ ተጨንቀህ ሳለ ማካፈል አይመጣልህም። ሰዓት ላይ የሚያሳየው ገመድ አልባው ጥሩ ነው፤ ባትሪ ስላለው ግን ብቻውን አልታመንበትም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ብዙ ጌጅ የሚሞተው ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሬጉሌተሩን ከሲሊንደር ስትፈታ የመግቢያውን ክዳን አድርቀህ ወዲያው ግጠም፤ ከዚያ በኋላ ነው በንጹሕ ውኃ የሚነከረው። ክዳኑ ሳይገጠም ከነከርከው፣ ወይም ተነክሮ ሳለ በአፍ የሚያዘው ክፍል ላይ ያለውን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ ከተጫንክ፣ ውኃው ውስጥ ይገባና በቱቦው ወደ ጌጁ ይወርዳል። ቫልቭ ስትከፍት ቀስ በል፤ የጌጁን ፊት ከራስህም ከሰውም አዙር። ግፊት እያለበት ጌጁን እጅህ ላይ አታሽከርክረው። ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ትንንሽ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ያላት ፒን አለች፤ ከዚያ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ካየህ እነሱ አልቀዋል፣ በቀላሉ ይቀየራሉ። ስትጠልቅም ጃኬትህ ላይ በመቆንጠጫ እሰረው፤ ተንጠልጥሎ ኮራል ላይ ይጋጫል።

ለመንገዱ፦ ቱቦውን ሰፋ አድርገህ ጠቅልል፣ ጌጁን በፎጣ ሸፍነህ መሐል አድርገው፣ ጋቢና መስተዋት ሥር አታስቀምጠው። የሚሌን ፀሐይ ታውቀዋለህ፣ ጎማውን ያደርቀዋል።

ከጌጁ ይልቅ ግን መንገዱ አንተን ያሳስበኛል። ጅቡቲ ጠልቀህ በዚያው ቀን በገላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርገህ ኮምቦልቻ ትወጣለህ? ከዳይቪንግ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል። ያ መመሪያ የወጣው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ላለ የካቢን ከፍታ (የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ግፊት የሚመስለው ከፍታ) ነው። ኮምቦልቻ እዚያው ውስጥ ናት፣ ደሴማ ታልፈዋለች። ስትጠልቅ ከምትተነፍሰው አየር ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የውጭው ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይጎዳሃል፤ ከፍ ያልከው በመኪና ይሁን በአውሮፕላን አይለይም። እባክህ ወንድሜ፣ ጅቡቲ አድረህ ተነሣ።

የቦርከና ልጅ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ታጁራ፣ የመንገዱን ነገር በመኪና ስለምሄድ አይመለከተኝም ብዬ ነበር፤ አላህ ይስጥህ። ከጌጁ ጋር አንድ ላይ የተገጠመ ባለ ጠቋሚ የጥልቀት መለኪያም አለ። እሱ ደህና ይመስላል። ሐይቅ ላይ ብጠቀምበትስ? አየሩንስ ጎሚስታ ቤት ማስሞላት ይቻላል?

የሐይቅ ልጅ (ውርጌሳ መንገድ)

እኔ ጠላቂ አይደለሁም፣ ውኃውን ግን አውቀዋለሁ። ሐይቃችን ከዳሩ ብዙም ሳትርቅ ይጠልቃል፤ የተለካው ጥልቀቱ 88 ሜትር ነው። ታንኳ የሚቀዝፉትን ሳታማክር ብቻህን እንዳትገባ።

ነባር መካኒክ፣ ኮምቦልቻ

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከ10 ባር ብዙም አያልፍም፤ የአንተ ሲሊንደር 200 ይፈልጋል። ቢያልፍ እንኳ ዘይት የቀላቀለ አየር ነው፣ አጠገቡ የቆመ መኪና ጭስም ይስባል። ያንን በግፊት ሳንባህ ውስጥ አታስገባ። አየር ለመተንፈሻ ከሚሞሉበት ቦታ ብቻ ሙላ።

ታጁራ

በባሕር ወለል ግፊት የታሸገ የጥልቀት መለኪያ ከሆነ ሐይቅ ላይ ሊሸውድህ ይችላል። ለአየር ጌጁ ምንም ያልሆነችው 0.2 ባር ለጥልቀት 2 ሜትር ናት፤ 10 ሜትር ላይ ሆነህ 8 ያሳይሃል። ከፍታ የሚቀበል ዳይቭ ኮምፒዩተር (ጥልቀትንና የቆይታ ጊዜን የሚያሰላ መሣሪያ) ያስፈልግሃል። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የዳይቪንግ ሠንጠረዥም ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ለሆነ ሐይቅ ማስተካከያ አለው፤ ይህን ደግሞ የከፍታ ዳይቪንግ ከሚያስተምር ሰው ጋር ሆነህ ጀምር።

የቦርከና ልጅ

እሺ፣ ሐይቁ ይቆይ። አዲስ ጌጅ ጅቡቲ አዝዣለሁ። እስኪመጣ አሮጌውን ፈትቼ ላስቀምጠው?

ታጁራ

ፍታው፤ ቀዳዳውን ግን ክፍት አትተወው፣ አቧራ ይገባል። ኤችፒ (ከፍተኛ ግፊት) የተጻፈበት የሬጉሌተሩ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 7/16 ኢንች፣ ሌሎቹ 3/8 ናቸው። ልኩን ተመልክተህ መድፈኛ ቡሎን ከነኦሪንጉ ግጠምበት፣ በእጅ ጠበቅ ካለ በኋላ በቁልፍ ትንሽ ብቻ። አዲሱ ሲመጣ ከባሕር በፊት የዳይቪንግ ቤቱን ትክክለኛ ጌጅ ጎን ለጎን አስይዘህ በአንድ ሲሊንደር አነጻጽረው፤ ሙሉ ሲሆንም፣ ወደ 50 ሲወርድም።