ጥቆማ፦ ለእንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት ጎንደር ላይ ማን ይሥራልኝ? ወርድፕሬስ ወይስ በኮድ?

የፒያሳ ማረፊያ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ፒያሳ አካባቢ ላለ ባለ 9 ክፍል ማረፊያ ዌብሳይት ላሠራ ነው። አንዱ ባለሙያ «ሁሉንም በኮድ እጽፈዋለሁ» ይላል፣ ሌላው በወርድፕሬስ (ኮድ ሳይጻፍ ገጽ የሚሠራበትና የሚታረምበት ፕሮግራም) ነው የሚሠራው። ጥምቀት ሲቀርብ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ራሷ እንድታስተካክለው እፈልጋለሁ። የቱ ይሻላል? ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?

የማራኪው፦ እንግዲያው ወርድፕሬስ ይሁን። በኮድ ብቻ የተሠራ ከሆነ አንዲት ቁጥር ለመቀየር ፋይሉን ከፍቶ፣ አርሞ፣ መልሶ ሰርቨር (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ መጫን ነው። ለእያንዳንዷ ለውጥ ሠሪውን ስትለምን ትኖራለህ። ወርድፕሬስ ላይ ጽሑፉ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ፣ ፎቶው በራሱ ፎልደር፣ መልኩ ደግሞ ቴሙ (የገጹ ዲዛይን) ውስጥ ስለሚቀመጥ ልጅቷ ዋጋ ስትቀይር ሌላውን አትነካም። የአድሚን ፓስወርድ ግን እንዳትሰጣት፤ «ኤዲተር» አድርገህ ክፈትላት። ኤዲተር ገጽ ያርማል እንጂ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫንም ማጥፋትም አይችልም።

አዘዞ፦ አራዳ ያለው ማተሚያ ቤት ሂድ። ባነሩም፣ ቢዝነስ ካርዱም፣ ዌብሳይቱም እነሱ ጋ ነው። ከእነሱ ወዲያ ጎንደር ላይ ሰው የለም።

የማራኪው፦ በምን ነው የሚሠሩት? ባክአፑን (የዌብሳይቱን መጠባበቂያ ቅጂ) ማን ይይዛል?

አዘዞ፦ ሄዶ ይያቸው፣ ሥራቸው ይናገራል።

አስጎብኚዋ፦ ከሁሉም በፊት ዶሜኑ (የዌብሳይቱ ስም) በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቅ! የእኛን ሠሪው በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ስልክ አያነሳም፣ እድሳቱ አለፈ፣ ገጹም ጠፋ።

ቀበሌ 16፦ ማን ነው? ስሙን ንገሪና እንጠንቀቀው።

አስጎብኚዋ፦ ስም መጥራት አልፈልግም። ገጼ ይመለስልኝ ነው የምለው።

ቀበሌ 16፦ ለዚህ እኮ ነው ቴሌግራም ቻናል ይበቃል የምለው። ዌብሳይት ማን ያያል?

የማራኪው፦ ስሜን ተራራ ሊወጣ አልጋ የሚፈልግ ጀርመናዊ የአንተን ቻናል ስም በሕልሙ ነው የሚያየው? ጉግል ላይ ነው የሚፈልገው።

ጃን ተከል፦ ወንድሞቼ፣ ልጁ የጠየቀውን እንመልስለት። አማርኛ ገጽ ካለህ ሁለት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፣ ዳታቤዙ የግዕዝ ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ፣ በ«ዩቲኤፍ 8»፣ መከፈቱን አረጋግጥ። ለላቲን ፊደል ብቻ በሆነው በ«ላቲን 1» ከሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ እንዲያ ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ርዕስ በአማርኛ ስትጽፍ ወርድፕሬስ የገጹን አድራሻ ከርዕሱ ይሠራዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል እዚያ 9 ምልክት ይፈጃል፣ የቦታው ወሰን 200 ነው፤ ስለዚህ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። ሊንኩን ለሰው ስትልክም እንደ ዝባዝንኬ ይታያል። ከማተምህ በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥረህ በእጅህ ጻፈው።

ፎቶም ከስልክ እንደወጣ አይጫን። 9 ክፍል በ4 ፎቶ 36 ነው፤ እያንዳንዱ 5 ሜጋባይት ቢሆን 180 ሜጋባይት። በሞባይል ዳታ ማን ይጠብቀዋል? ስፋቱን 1600 ፒክስል፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች ብታደርገው ሁሉም ተደምሮ ከ7 ሜጋባይት ብዙም አያልፍ። ክራክ የሆነ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተገኘ) ቴም የሚጭንልህ ካለ ደግሞ አትቀበል፤ በኋላ በር ቫይረስ የሚገባው በእሱ ነው።

የፒያሳ ማረፊያ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መብራት መሀል ላይ ቢሄድባትስ?

የማራኪው፦ ወርድፕሬስ በየ60 ሰከንዱ ረቂቁን ራሱ ያስቀምጣል። ዌብሳይቱ ያለው ሰርቨሩ ጋ ስለሆነ የአንተ መብራት ቢጠፋም ገጹ አይጠፋም።

አስጎብኚዋ፦ ጃን ተከል፣ የእኔስ? ዶት ኮም ነው፣ ካለፈ 3 ሳምንቱ።

ጃን ተከል፦ እህቴ፣ 3 ሳምንት ከሆነ ገና ተስፋ አለው። ዶት ኮም ሲያልፍበት ወዲያው ለሌላ አይሰጥም። መጀመሪያ መዝጋቢው (ዶሜኑ የተገዛበት ድርጅት) የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ አለ፤ እሱ ሲያበቃ የ30 ቀን ማስመለሻ ይከተላል፣ ያኔ ግን ክፍያው ከመደበኛው በጣም ይንራል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ ዶሜኑን «ሁ ኢዝ» (የዶሜን ምዝገባ መረጃ መፈለጊያ) ላይ ፈልገሽ መዝጋቢው የቱ ድርጅት እንደሆነ እዪ። ሠሪውን በሰውም ቢሆን አስፈልገሽ ያሳድሰው፤ ከዚያ የማዛወሪያ ኮዱን ሰጥቶሽ ወደ ራስሽ አካውንት ይዙር። እምቢ ካለ የከፈልሽበትን ደረሰኝና የንግድ ፈቃድሽን አያይዘሽ ለመዝጋቢው ጻፊ።

አዘዞ፦ ማተሚያ ቤቱ ይህንንም ያስተካክልልሻል። እስከ 12 ሰዓት ክፍት ናቸው።

አስጎብኚዋ፦ «ሁ ኢዝ» ላይ አየሁት፣ የሚያበቃበት ቀን በአንድ ዓመት ገፍቶ ይታያል። ታድሷል ማለት ነው?

ጃን ተከል፦ አይደለም። በእፎይታው ጊዜ ቀኑ ራሱ ወደፊት ይገፋል፤ መዝጋቢው ካልተከፈለው መልሶ ያነሳዋል። በዚያ ተታለሽ እንዳትቀመጪ።