ጥቆማ፦ ኖትፓድ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልጫን?

ጥያቄ፦ ማስታወሻ መያዝና አልፎ አልፎ ኮድ መነካካት ነው የምፈልገው። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ቴክስት ኤዲተር (ጽሑፍ መጻፊያው ኖትፓድ) ይበቃል የምትሉ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ድሮ የጻፍኩት አማርኛ ሴቭ ካደረግኩት በኋላ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ስለጠበቀኝ ትንሽ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ የኢንኮዲንግ (ፊደል ፋይል ውስጥ በቁጥር የሚቀመጥበት ስልት) ጣጣ ነው። ሴቭ ሲደረግ «አንሲ» የሚባለው የድሮ ስልት ከተመረጠ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም፤ ፊደሉ ተጥሎ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ይገባል፣ ተመልሶም አይገኝም። ኖትፓድ ከ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ አዲስ ፋይል የግዕዝንም ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ስለሚያስቀምጥ አሁን ብዙ አያሰጋም። ማሽንህ አሮጌ ከሆነ ግን «ሴቭ አዝ» ስትል ከታች ያለችውን የኢንኮዲንግ ሳጥን ሳታይ አትለፍ። ፎንት መቀያየሩ እዚህ ላይ አይረዳህም፤ የምታየውን እንጂ ፋይሉን አይነካም።

ለማስታወሻ ከሆነ ኖትፓድን አትናቀው። የፋይሉ መጀመሪያ መስመር ላይ ነጥብ አድርገህ ኤል፣ ኦ፣ ጂ ብለህ በላቲን ፊደል ጻፍና ሴቭ አድርግ። ከዚያ በከፈትከው ቁጥር ሰዓቱንና ቀኑን ራሱ ከግርጌ ይጽፍልሃል። የዕለት ውሎ ለሚመዘግብ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር አላየሁም። ኤፍ 5 ብትጫንም ጠቋሚው ባለበት ያስገባልሃል።

ለኮድ ግን አልመክርህም፤ የመስመር ቁጥሩን ከጎን አይደረድርልህም።

ሌላ መልስ፦ ማክ ላይ ያላችሁ፣ አብሮት የሚመጣው ኤዲተር ቴክስትኤዲት ሲመጣ ሪች ቴክስት (ፎንትና ቀለም አብሮ የሚይዝ ጽሑፍ) ላይ ነው፤ ሴቲንግ ገብታችሁ ፕሌይን ቴክስት (ፊደሉን ብቻ የሚይዝ) አድርጉት። «ስማርት ኮትስ» የሚለውንም አጥፉ፤ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣው ይቀይርና ኮዱ አልሠራ ይላል፣ እናንተ ደግሞ ስህተቱን ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሊኑክስ ከሆነ ናኖ የሚባለውን ኤዲተር ያዙ፤ ትእዛዞቹ ከግርጌው ተጽፈው ነው የሚጠብቋችሁ፣ ናኖአርሲ የተባለው የናኖ ማስተካከያ ፋይል ላይ አንዲት መስመር ብትጨምሩም የመስመር ቁጥር ያወጣል። ቪም የሚባለው ሌላው ኤዲተር ጎበዝ ነው፤ ግን መጀመሪያ መውጫውን ተማሩ፦ ኤስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር። ሴቭ ያላደረጋችሁት ግን አብሮ ይጠፋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የነጥቧን ነገር ሞከርኩ፣ ምንም አልጻፈም።

መልስ፦ በትንንሹ ፊደል ጽፈኸው ይሆናላ! ሦስቱም ትልልቅ ይሁኑ፤ ከነጥቡ በፊትም ክፍት ቦታ አትተው።

ጠያቂ፦ ሠራ።