ሙጃ የገባበት ስንዴ፣ ከፍልሰታ በኋላ ቢታረም ይደርሳል?

ሰንዳፋ_ልጅ፦ ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ፋዘር ሰንዳፋ አካባቢ ስንዴ ዘርቷል፣ ሰኔ መጨረሻ ነው የገባው፣ እኔ አዲስ አበባ ስለምሰራ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የማየው። አሁን ስሄድ ሙጃው፣ ያ ሳር መሳዩ አረም፣ ከስንዴው እኩል ሆኖ ጠበቀኝ፣ ከመንገድ ሲያዩት ማሳው ያምራል ጎንበስ ሲሉ ነው ጉዱ። ሐምሌ ላይ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ተረጭቷል፣ ሰፋፊ ቅጠሉ ጠውልጓል ሙጃው ግን አልሰማም። ፋዘር «ዩሪያ ማዳበሪያውን አሁን እንበትን፣ አረሙን ከፍልሰታ በኋላ ሰው ሲገኝ» ይላል፣ የቀን ሰራተኛ ደግሞ ዘንድሮ አይቀመስም። ሁለት ሳምንት መቆየቱ ያን ያህል ምርት ይቀንሳል ወይስ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው?

አግሮ_ቢሾፍቱ፦ ቱፎርዲ ሳር አይገድልም እኮ ወንድሜ፣ ስንዴው ራሱ የሳር ወገን ስለሆነ ነው የሚተርፈው፣ ሙጃና ሲናርም (የዱር አጃ) በዚያው ያመልጣሉ። ሁለት ሳምንቱ ግን በደንብ ይቀንሳል። ስንዴ ከበቀለ ወር አካባቢ ነው ከስር የሚያቆጠቁጠው፣ ስንት ዛላ እንደሚይዝ በአብዛኛው እዚያ ላይ ያልቃል። ያኔ ሙጃ ብርሃኑንና አፈሩን ከተሻማው ጳጉሜ ላይ አንድ ሳር ሳታስቀር ብትነቅል የቀረው ዛላ ተመልሶ አይወጣም፣ ያተረፍከው የላም መኖ ነው። በዓለም ደረጃ አረም ጭራሽ ካልተነካ ስንዴ 23 በመቶ አካባቢ ምርት ሊያጣ ይችላል የሚል ግምት አለ፣ ሙጃ በበዛበት ማሳ ግን ከዚያም ይብሳል። ዩሪያውን ደግሞ በፍጹም ቀድማችሁ እንዳትበትኑ፣ ሙጃን መቀለብ ነው። መጀመሪያ ይታረም፣ ወዲያው ዩሪያ።

ሱሉልታ_01፦ ሰራተኛ ውድ ከሆነ ፓላስ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ርጩና ገላገል በሉ፣ ለሄክታር ግማሽ ሊትር፣ ሳሩንም ሰፋፊውንም ይይዛል

አግሮ_ቢሾፍቱ፦ @ሱሉልታ_01 ፓላስ ጥሩ ነው ግን አረሙ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል እያለ ነው። ስንዴውን የተስተካከለ ሙጃ ቢጫ ይሆንና ይቆማል እንጂ ላይሞት ይችላል፣ ገንዘቡ ይሄዳል። ጎረቤት ገብስ ካለም ተጠንቀቁ፣ ፓላስ የስንዴ እንጂ የገብስ አይደለም። ደግሞ በየዓመቱ አንድ አይነት መድኃኒት ብቻ ከተረጨ የማይሞተው ዘር እየተመረጠ ማሳውን ይወርሳል፣ ያኔ ምን ሊደረግ ነው?

የሆለታዋ፦ ሰራተኞቹን ከማስገባትህ በፊት ሲናርና ስንዴ አሳያቸው፣ አለበለዚያ ስንዴህን ነቅለው ሲናርህን ይተዉልሃል፣ በልጅነቱ አይለይም። ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ እይ፣ ስንዴ እዚያ ጋ ሁለት ትንንሽ ጥፍር የመሰሉ ፀጉራም ነገሮች አሉት፣ ሲናር የለውም። እና አንዴ ታርሞ አያልቅም፣ ሲናር በአንድ ጊዜ አይበቅልም፣ ከአፈር ውስጥ ተራ በተራ ነው የሚወጣው፣ ሳይበቅል ዓመታት የሚቆይ ፍሬም አለው። ኮምባይነር የምትከራዩ ከሆነም ከሌላ ሰው ማሳ ሲመጣ ሳይጠረግ አታስገቡት፣ እኔ ሲናር በየት እንደሚገባ ስጠየቅ መልሴ እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም አተር ቢዘራበት ይሻላል፣ እዚያ ላይ ሳሩን ብቻ የሚገድል መድኃኒት መርጨት ይቻላል።

ሰንዳፋ_ልጅ፦ ተባረኩ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ፣ ዩሪያውን እንዲያቆይ እነግረዋለሁ። ግን በፍልሰታ ሰው ይገኛል እንዴ?

የሆለታዋ፦ ይገኛል እንጂ፣ ሰው ይጾማል እንጂ ስራ አያቆምም። ሰፈሩ ውስጥ ደቦ ጠይቁ፣ ሽሮና ጠላ ካዘጋጃችሁ ከቀን ሰራተኛ ይረክሳል። የነቀላችሁትን ሙጃ ደግሞ እርጥቡን ዳር ላይ አትከምሩት፣ በዚህ ዝናብ መልሶ ስር ይሰዳል፣ ለከብት ስጡት።