የፍሌቸር ሄንደርሰን የአቀናባሪነት ሕይወት

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው የባንድ መሪ ቤኒ ጉድማን «የስዊንግ (ለዳንስ የሚመች የጃዝ ስልት) ንጉሥ» ቢባልም፣ ያሳወቁትን ብዙዎቹን ቅንብሮች የጻፈለት ፍሌቸር ሄንደርሰን ነው። የዚህ ሰው አሠራር ልዩነቱ ምን ነበር?

መልስ፦ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1897 በጆርጂያ ተወልዶ በአትላንታ ኬሚስትሪ ከተማረ በኋላ፣ በ1920 ኒው ዮርክ ገብቶ በዚያው ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። በ1924 ትራምፔት ተጫዋቹን ሉዊ አርምስትሮንግን ራሱ ወደሚመራው የጃዝ ባንድ አምጥቷል።

ልዩነቱ ሲያደምጡት ይገለጣል፤ ሳክስፎኖቹ አንድ ሐረግ ሲያወጡ ትራምፔቶቹና ትሮምቦኖቹ አጠር አድርገው ይቀበላሉ፣ ልክ እንደ አውጪና ተቀባይ። መሠረቱን አብሮት ይሠራ የነበረው አቀናባሪ ዶን ሬድማን መጣሉ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም።

እኔን የሚያሳዝነኝ በ1934 ባንዱ ሲበተን ቅንብሮቹን ለጉድማን መሸጡ ነው። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ በሎስ አንጀለሱ ፓሎማር አዳራሽ ወጣቶቹን ያስፈነደቁት እነዚያው ቅንብሮች ነበሩ። ሄንደርሰን በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈ።