ልጆቹ ጃክን መረጡ፤ ለቅዳሜ ምን ይዤ ልግባ?

ጥያቄ (መምህርት፣ ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ11 የ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር መጽሐፍ እናነባለን። አሁን የያዝነው በ1954 እ.ኤ.አ. የታተመውን የዊልያም ጎልዲንግን «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ» ነው። ላላነበባችሁት፦ እንግሊዛውያን ልጆች ያለ አዋቂ ደሴት ላይ ይቀራሉ። ራልፍ በድምፅ ተመርጦ አለቃ ይሆናል። መርከብ ጭስ አይቶ እንዲመጣ ተራራው ላይ እሳት እንጠብቅ ይላል። የተሸነፈው ጃክ አደኑን ይመራል፤ ኋላ ተገንጥሎ የራሱን ቡድን ያቆማል።

«ማንን ትከተላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዘጠኙ ጃክን አሉ። «ራልፍ ስብሰባ ብቻ ነው፤ ጃክ ሥጋ ያበላል።» አንዱማ «በመጨረሻ መርከብ ያመጣላቸውም የጃክ እሳት ነው» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ወልድያ)

አብሽሪ ልጄ። አትከራከሪያቸው፣ ያሉት እውነት አለበት። መርከቧ ያለፈችበትን ቦታ አብራችሁ አንብቡ። ጃክ እሳት ጠባቂዎቹን ለአደን ይዟቸው ሄዷል፤ እሳቱ ጠፍቷል። እሱ ግን አሳማ ጥሎ፣ እጁ ደም ነክቶት፣ እየፈነደቀ ይመጣል። ፒጊ የሚባለው ባለ መነጽር ልጅ ሲወቅሰው ይመታዋል። የፒጊ መነጽር አንዱ መስታወት ይሰበራል። እሳት የሚለኩሱበት መነጽር እኮ ነው!

ከዚያ ሥጋው ይጠበሳል። ራልፍ አልበላም ሊል አስቦ ነበር። ምራቁ አሸነፈው፤ በላ። እዚህ ላይ ቆም በይ። አለቃውን የረታ ረሃብ ልጆችሽን ቢረታ ምን ይገርማል?

መልስ (አንባቢ፣ ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ እኔ በራልፍም እናደዳለሁ። የመጀመሪያውን መጠለያ ሁሉም ሠሩት። ሁለተኛውን አራት ሆነው፣ ሦስተኛውን እሱና ሳይመን ብቻ። ሌላው ሲዋኝ ይነጫነጫል እንጂ አያስገድድም። ደግሞ ጃክ በምርጫው ሲሸነፍ እንዳይከፋው ብሎ ጃክ ይመራቸው የነበሩትን መዘምራን ልጆች ለራሱ ተወለት። አዳኝ የሆኑት እነሱ ናቸው። ለተቀናቃኙ ጦር ያስታጠቀው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ይህን እመኚላቸው።

የእሳቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ጃክ ደሴቱን ያቃጠለው ራልፍን ከተደበቀበት በጭስ ለማስወጣት ነው። ራልፍ እየታደነ እንኳ፣ እሳቱ የፍሬ ዛፎቹን ሊበላ መሆኑን ያስባል፤ ነገ ምን ሊበሉ ነው ብሎ ለአሳዳጆቹ ይጨነቃል። እዚህ ስደርስ አንጀቴ ይላወሳል።

መልስ (የቅሬ ጸሐፊ፣ ሐይቅ)

በእኛ ቅሬ፣ ማለት በእድራችን፣ ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ግን አስቀድሞ «ምን አግኝቶህ ቀረህ?» ይባላል። ልጄ ታሞብኝ ነው ካለ ቅጣቱ ይቀርና ጥየቃ እንሄዳለን። ጃክ ዘንድ ዊልፍሬድ የሚባል ልጅ ታስሮ ይገረፋል። ለምን? ወሬውን የሚናገረው ልጅም አያውቅም። ጃክ አልተናገረም።

እኔ ብሆን ለአንዱ ልጅ የዊልፍሬድን፣ ለሌላው የጃክን ቦታ ሰጥቼ አጫውታቸዋለሁ። ከዚያ እንደገና ይምረጡ። በወረቀት ይሁን። እጅ አውጡ ከተባለ ይተያያሉ። በመጽሐፉም ጃክ ራልፍን ለማውረድ እጅ አውጡ ሲል አንድም ልጅ አላወጣም፤ ኋላ ነው ሹልክ እያሉ የሄዱለት።

ከጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳላችሁኝ አደረግኩ። በወረቀት ራልፍ 5፣ ጃክ 4 አገኙ። ሁለቱ ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

ዊልፍሬድን የሆነው ያ ስለ እሳቱ የሞገተኝ ልጅ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ምን አጠፋሁ?» አለ። ጃክ የሆነችው ልጅ መጽሐፉን ገለጠች። ወደፊት ገለጠች፣ ወደ ኋላ ገለጠች። እሱ እጁን እንዳጣመረ ይጠብቃታል።