ክረምቱን ቤት ለሚያሳልፉ ሕፃናት በጭብጥ የተከፋፈለ ትምህርት እንዴት ላዘጋጅ?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ሴት ልጅና በመስከረም አንደኛ ክፍል የሚገባ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። እኔና ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምንሆን ክረምቱን ከልጆቹ ጋር የምትውለው የቤት ሠራተኛችን ናት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ከያዘ ውጭ መውጣት የማይታሰብ ነው። ባለፈው ክረምት ሰኞ ሒሳብ፣ ማክሰኞ ፊደል እያልኩ በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ተረሳና ቀሪው ጊዜ በቴሌቪዥን አለቀ። ዘንድሮ ለየሳምንቱ አንድ ጭብጥ መርጬ ሥዕሉም፣ ቆጠራውም፣ ተረቱም በእሱ ዙሪያ እንዲሆን አስቤያለሁ። ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ጭብጦችን ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት)

እህቴ፣ በእኔ ልምድ ለዚህ ዕድሜ አንድ ሳምንት ያጥራል፤ ልጆቹ ነገሩን ገና ሲላመዱት ጭብጡ ይለወጥባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሳምንት ቢሰጡትና ጭብጡን ክረምቱ ራሱ ከሚያመጣው ነገር ቢወስዱ ይሻላል፦ በሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ ዘር፣ ነሐሴ ሲገባ ዱቄትና ዳቦ፣ ከቡሄ በኋላ ደግሞ የዘመን መለወጫ።

ለዝናቡ መለኪያ ይሥሩ። ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከትከሻው ላይ ቆርጠው፣ የላይኛውን ቁራጭ ክዳኑን አውጥተው አፉ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጠው ይክተቱት። የጠርሙሱ ሥር ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ይጨምሩና ጠጠሩ እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው የደረሰበት ላይ መስመር አስምረው ዜሮ ብለው ከዚያ በላይ ማስመሪያ ይለጥፉ። በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ግን ዋጋ የለውም፤ ጣሪያው ይከልለዋል፤ ግቢው ውስጥ ከሕንፃው ራቅ ያለ ገላጣ ቦታ ይፈልጉለት። ሁልጊዜ ጧት 2 ሰዓት ላይ ልጁ አንብቦ ይመዝግብ፣ እህቱ ደግሞ ያንኑ ያህል ሳጥን ሰማያዊ ትቀባ፤ ከተነበበ በኋላ ውሃው እስከ ዜሮው መስመር ይደፋ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ዕለት ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እስከ ግማሹ ሞልተው ቢያሳዩት ቁጥሩ ምን እንደሆነ ዓይቶ ይረዳል።

በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ አያስቀምጧቸው። ፊደሉም ለብቻው የትምህርት ሰዓት አያስፈልገውም፤ የዝናብን «ዝ» ትሪ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት በጣቷ መጻፍ ለ4 ዓመት ልጅ ይበቃታል።

መልስ (የሰባት ልጆች አያት)

ልጄ፣ ዘር ማብቀል ለእኛ ቤት አዲስ ሥራ አይደለም። እናቴ ለጠላ ብቅል ስታበቅል ገብሱን ነክራ፣ ውሃውን አጥልላ በኮባ ቅጠል ትሸፍነው ነበር፤ እኛም ጧት ጧት ቅጠሉን ገለጥ አድርገን ሥር ማውጣቱን እናይ ነበር። ለልጆችሽ ባቄላ፣ ድፍን ምስርና የምስር ክክ፣ አንድ ሁለት ፍሬ የባቄላ ቆሎም ጨምረሽ በየብርጭቆው እርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጪላቸው። ጥሬው ባቄላና ድፍኑ ምስር ሲበቅሉ ክኩና ቆሎው ዝም ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ እስኪጠይቁሽ ድረስ አትንገሪያቸው። ሠራተኛሽ ከገጠር የመጣች ከሆነች ደግሞ የዘሩን ሁለት ሳምንት ለእሷ ተዪላት፤ ጤፍ መቼ እንደሚዘራ፣ አረም እንዴት እንደሚታረም ከአንቺም ከእኔም አብልጣ ታውቃለች።

ለቡሄም ሙልሙሉን ከገበያ አትግዢ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ይበቃዋል፤ ዱቄቱን በሲኒ እየቆጠሩ ይስፈሩ፣ የየራሳቸውንም ያድቦልቡሉ። ምጣዱ ጋ ግን አይቅረቡ።

መልስ (አባት፣ ባሕር ዳር)

ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እኛ ቤት ይህንኑ የባቄላ ሥራ ስንሠራ የ3 ዓመት ልጃችን አንዱን ፍሬ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። እኔም በችኮላ በወረንጦ አወጣለሁ ብዬ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወስደነው ባለሙያ አወጣው። ባቄላ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ውሎ ሲያድር ለማውጣት ይከብዳል፤ በቤት መታገል አያስፈልግም። ስለዚህ ትልቅ ሰው አብሯቸው ካልተቀመጠ በቀር ጥሬው ከልጆቹ እጅ ይራቅ።

ቅዳሜ ላይ ከቤት መውጣት ከቻሉ 6 ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን ከልጅነት ጀምሮ በሰው ልጅ የሕይወት ቅደም ተከተል የሚያሳይ ስለሆነ ለልጅ ይመቻል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠራተኛችን በእርግጥም ከጎጃም ገጠር የመጣች ናት፤ ስለ ዘሩ ገና ስነግራት እሷው ራሷ ማስተካከያ ሰጠችኝ። የሚያሳስበኝ ማንበብ ስለማትችል የዕለቱን ሥራ ጽፌላት መሄድ አለመቻሌ ነው።

መልስ (መምህርቷ)

በሥዕል ያድርጉት። በካርቶን ቁራጮች ላይ ጠርሙስ፣ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ መቀስ፣ የተረት ሰዓትን የሚያመለክት ምድጃ ይሣሉ፤ ማታ ማታ ለነገው ሦስቱን ብቻ መርጠው በቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፣ ዕቃውንም በአንድ ካርቶን አሰናድተው ይተዉ። ልጁ ሲያልቅ ሥዕሉን ይገልብጠው። የ4 ዓመቷም ሳትቀር «ቀጥሎ ምንድን ነው?» የሚለውን ራሷ ታነባለች።

ለመጨረሻው ጭብጥ ደግሞ በዘሩ ጊዜ የተረፈውን ባቄላ፣ ከላይ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሳይረሱ፣ እርስዎ ቤት ባሉበት ማታ ያውጡት፦ ለ12ቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ፍሬ በመስመር ይደርድሩና ለጳጉሜን አምስት ብቻ ያስቀምጡ፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ፍሬ እንደሚጨመርላትም ይንገሯቸው። የልጆቹን የልደት ቀን የያዙትን ሁለት ፍሬዎች ቀለም ቢቀቧቸው እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ እየቆጠሩ ሲመላለሱበት ያያሉ።