«ሐኪም» እና «ጠቢብ»፦ ኢብን ሲና የቱ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ መካከለኛው ዘመን የሙስሊም ሊቅ ስለ ኢብን ሲና ከዐረብኛ የተወሰዱ ጽሑፎች ሳነብ አንዱ ጋ «ሐኪም»፣ ሌላው ጋ «ጠቢብ» ይሉታል። በአማርኛ ሐኪም የሚያክም ሰው ነው። ጠቢብ ደግሞ እንደ ሰሎሞን ያለ ነው። እዚያ ግን የተገላበጠ መሰለኝ። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

መልስ፦ በደንብ አስተውለሃል ወንድሜ፣ እውነትም ተገላብጧል። በዐረብኛ «ጢብ» ሕክምና ነው፣ «ጠቢብ» ደግሞ የሚያክመው ሰው። «ሐኪም» ከ«ሒክማ» ጋር ይሄዳል፤ ሒክማ ማለት ጥበብ ነው። እኛ ጋ ጠቢብ ከግእዙ «ጠበበ» ስለመጣ ብልሃትና ማስተዋል ላይ ቀረ፣ ሐኪም ግን ከዐረብኛ ተውሰነው ሐኪም ቤት ገባ።

ታዲያ እኛ አጣመን የወሰድነው እንዳይመስልህ። ዐረቦቹ ራሳቸው፣ ፋርሶቹም ቱርኮቹም፣ የሚያክመውን ሰው ሐኪም ይሉታል። ምክንያቱ እንደ ኢብን ሲና ያሉ ሰዎች ናቸው። ሰውዬው በ980 በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ባለችው ቡኻራ አጠገብ ተወለደ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና በ16 ዓመቱ በሽተኛ ያይ ነበር። ስለ ራሱ ሲጽፍ «ሕክምና ከከባዶቹ ዕውቀቶች አይደለም» ይላል! የከበደው የአርስቶትል ሜታፊዚክስ (ስለ መኖር ምንነት የሚጠይቅ የፍልስፍና መጽሐፍ) ነው። 40 ጊዜ አንብቦት አልገባ ብሎት፣ በመጨረሻ ገበያ ላይ በ3 ድርሃም የገዛት የፈላስፋው የአል ፋራቢ ትንሽ መጽሐፍ ናት የገለጠችለት። ከደስታው ብዛት በማግስቱ ለድሆች መጽወቷል። እኔ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። በአንድ ሰው ውስጥ ጠቢቡም ሐኪሙም አብረው ሲኖሩ ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ ሊጠራ አልቻለም።

የመጽሐፎቹ ስም ደግሞ የባሰ ያደናግራል። «አል ቃኑን» ሲባል የሕግ መጽሐፍ ይመስላል፣ ግን የሕክምናው ነው። አምስት ክፍል አለው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኗ ከተማ ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ተማሪዎች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተምረውበታል። «አል ሺፋእ» ማለት ደግሞ ፈውስ ነው፤ ውስጡን ብትከፍተው ግን ሎጂክ፣ የተፈጥሮ ዕውቀት፣ ሒሳብና ሜታፊዚክስ ነው እንጂ የመድኃኒት መጽሐፍ አይደለም። ፈውሱ ለነፍስ ነው፣ ከድንቁርና። ስሙን ብቻ አይተው «የኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ይታረም።

«ቃኑን» ራሱ ከግሪኩ «ካኖን» የመጣ ነው። የእኛም «ቀኖና» ምንጩ እሱ ነው። ዐረቦቹ ለመንግሥት ሕግና ለዕውቀት መመሪያ ያዙት፣ እኛ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ንስሐ አባት ለሚሰጡት።

ሌላ አባል፦ ግሩም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ «አዋቂ»ን ልጨምር። «አዋቂ ቤት ወሰዷት» ስንል እኮ የተማረ ሰው ቤት ማለታችን አይደለም። መድኃኒት አዋቂም አለ። የሚያውቅ ሰው ያድናል የሚል ሐሳብ እኛም ቋንቋ ውስጥ አለ ማለት ነው። ደግሞ ሐኪም ከመለመዱ በፊት ምን ነበር የምንለው? መጽሐፍ ቅዱሱ ሉቃስን «ባለ መድኃኒቱ» ነው የሚለው።

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ «አዋቂ»ን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል፣ ከ«ሐኪም» ጋር አንድ መንገድ የሄደ ቃል እሱ ነው። በግእዝ «ዐቃቤ ሥራይ» አለ። «ሥራይ» መድኃኒትም አስማትም ስለሚሆን መፈወስና መጠንቆል ምን ያህል ተጠጋግተው እንደኖሩ ያሳያል። ደግሞ በሐመሩ ሐ «ሐኪም» ብላችሁ ጻፉ፣ የዐረብኛውን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የመጨረሻ። «ኢብን» ልጅ ከሆነ አባቱ ሲና ነበር?

መልስ፦ አይ፣ አባቱ ዐብደላህ ነው። ሲና ከቅድመ አያቶቹ የአንዱ ስም ነው፣ ቤተሰቡ በእሱ ተጠራ። «አቪሴና» የሚለው ደግሞ ያው ስም በላቲን አፍ ሲጠራ ነው።